ካፌ ሬሰር፦ ሠሪውና ነጂው አንድ ሰው የነበረበት ሞተር ብስክሌት

የቴክኒክ ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ ባለ ፓተንት ፈልሳፊዎችና መዋዕለ ንዋያቸውን ያፈሰሱ ከበርቴዎች ናቸው። ከቀን ሥራው በተረፈችው ሰዓት፣ በጓሮው ዳስ ውስጥ ብረት እየሞረደና እየበሳ አዲስ ነገር ያበጀው ሠራተኛ ግን ቢወሳ እንኳ በግርጌ ማስታወሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእንዲህ ያለውን ሠራተኛ የእጅ ሥራ ነው። ይኸውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የብሪታንያ ወጣት ወዛደሮች አሮጌ ሞተር ብስክሌቶችን እየፈቱ፣ የአንዱን አካል ከሌላው ጋር እያዋሐዱ በየቤታቸው የሠሩትና «ካፌ ሬሰር» የሚል ስም የወጣለት ፈጣን ሞተር ብስክሌት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው የወጣቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በሙያችን ውስጥ ዘወትር የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዟል። ጥያቄውም፣ አንድን መሣሪያ የሚነድፈው፣ የሚሠራው፣ የሚፈትነውና የሚገለገልበት ሰው አንድ በሆነ ጊዜ ኀላፊነት ምን መልክ ይኖረዋል? እነዚህ አራት ተግባሮች ለአራት ሰዎች በተከፋፈሉ ጊዜስ ያ ኀላፊነት የት ይገባል? የሚል ነው።

ስሙና ስፍራው

«ካፌ» የሚለው ቃል አንባቢን ወደ ሌላ ሐሳብ እንዳይመራው አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ለስያሜው ምክንያት የሆኑት ቤቶች ቡና በወጉ ተፈልቶ የሚቀርብባቸው አልነበሩም፤ የጭነት መኪና ነጂዎች ሻይና ርካሽ ምግብ የሚያገኙባቸው የመንገድ ዳር ቤቶች ነበሩ። በእኛ አጠራር ሻይ ቤት ብንላቸው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ዳር በ1938 የተከፈተው ኤስ ካፌ ነው። ይህ ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከተመታ በኋላ በ1949 እንደገና ተሠርቶ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ ያገለግል ነበር። በዋትፎርድ አቅራቢያ የነበረው ቢዚ ቢ የተባለው ቤትና በቼልሲ ድልድይ አጠገብ የነበረው የሻይ መሸጫም የወጣቶቹ መገናኛ ነበሩ።

ወጣቶቹን ወደነዚህ ቤቶች የሳባቸው የሻዩ ጣዕም አልነበረም። ቤቶቹ ሌሊት አይዘጉም፤ ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ የሚያጫውት ሣጥን አላቸው፤ ደጃፋቸው ደግሞ ወደ ሰፊው መንገድ የተከፈተ ነው። አንዱ ሸክላውን አስጀምሮ ይወጣና እስከ ተወሰነ ስፍራ ጋልቦ ዘፈኑ ሳያልቅ ይመለስ ነበር ተብሎ ይተረካል። የሁሉም ምኞት ግን በሰዓት 100 ማይል፣ ማለት 161 ኪሎ ሜትር ያህል መድረስ ነበር፤ ይህንንም በራሳቸው ቋንቋ «ቶን» ይሉታል። ቍጥሩ ከእነርሱም በፊት የከበረ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ አንድ ዙር ከ100 ማይል በላይ በሆነ ፍጥነት የፈጸመ ተወዳዳሪ የወርቅ ኮከብ ይሸለም ነበር። ቢ ኤስ ኤ የተባለው ፋብሪካ ዋል ሃንድሊ በ1937 በእርሱ ሞተር ብስክሌት ይህን ሽልማት ስላገኘ አንዱን ዓይነት «ጎልድ ስታር» ብሎ ሰየመው። «ካፌ ሬሰር» የሚለው ስም ራሱ፣ የእውነተኛ ውድድር ሜዳ ሳይረግጡ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት የሚሽቀዳደሙትን ለማላገጥ የወጣ ነው ይባላል። ወጣቶቹ ግን ማላገጫውን ተቀብለው የክብር ስም አደረጉት።

መነሻ ምክንያቶቹ

ካፌ ሬሰር በአንድ ሰው አእምሮ በድንገት የተፈለሰፈ አይደለም። በአንድ ዘመን የተገናኙ የኤኮኖሚ፣ የሕግና የቴክኒክ ምክንያቶች የወለዱት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የብሪታንያ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በብዛት ይፈልጉ ስለ ነበር ወጣቱ ወዛደር ወላጆቹ በእርሱ ዕድሜ ያላገኙትን ደመወዝ ለማግኘት ቻለ። ከነዚህም ወጣቶች ብዙዎቹ በየፋብሪካው በተለማማጅነት የተቀጠሩ በመሆናቸው ቶርኖ ማሽከርከር፣ መሞረድ፣ መበየድና በማይክሮሜትር መለካት የዕለት ሥራቸው ነበር።

በሌላ በኩል እስከዚያ ዘመን ድረስ ሞተር ብስክሌት ከነጎን ካሮሳው ገቢው አነስተኛ የሆነው ቤተሰብ መጓጓዣ ነበር። በ1959 ሚኒ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል ከ500 ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ለገበያ ስትቀርብ፣ የቤተሰቡ አባት ሞተር ብስክሌቱን እየሸጠ ወደ አራት ጎማ ተሸጋገረ። ከዚህ የተነሣ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት በወጣት ኪስ የሚደፈር ዕቃ ሆነ። ሕጉም ቢሆን ከከተማ ውጭ ባሉት መንገዶች ላይ እስከ 1965 መጨረሻ ድረስ አጠቃላይ የፍጥነት ወሰን አላበጀም ነበር። በ1959 የመጀመሪያ ክፍሉ የተከፈተው ኤም 1 የተባለው አውራ ጎዳና እንኳ ያለ ፍጥነት ወሰን ነበር ሥራ የጀመረው።

ሻንሲውና ሞተሩ

ከቤት ሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ስፍራ ያገኘው «ትራይተን» የተባለው ነው። ስሙ ትራይምፍና ኖርተን የተባሉት ሁለት ፋብሪካዎች ስሞች ጥምር ሲሆን፣ አሠራሩም እንደ ስሙ ነው፤ የኖርተን ሻንሲ የትራይምፍን ሞተር ይሸከማል። እነዚህ ሁለት አካላት ለምን እንደ ተፈላለጉ መረዳት የታሪኩ ቁልፍ ነው።

ኖርተን በ1950 ለውድድር ያቀረበው አዲስ ሻንሲ የቤልፋስቱ ሰው የሬክስ ማካንድለስ ንድፍ ነበር። ማካንድለስ ከዩኒቨርሲቲ ያልወጣ፣ ሙያውን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ሲሆን፣ የንድፉንም መሠረት አስቀድሞ ለራሱ በሠራው ሞተር ብስክሌት ላይ ሞክሮታል። ሁለት የብረት ቱቦዎች ከመሪው አንገት ተነሥተው፣ ሞተሩን በግራና በቀኝ ከላይም ከታችም ከበው እንደገና ወደዚያው አንገት ይመለሳሉ። የኋላው ጎማ ደግሞ በሞላና በአሞርዛተር የተደገፈ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ክንድ ተበጀለት። በዚህ አሠራር ሻንሲው በኩርባ ላይ ሳይጠማዘዝ ይቆማል። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው ተወዳዳሪ ከነዳው በኋላ በላባ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ያህል እንደ ተሰማው ስለ ተናገረ «ፌዘርቤድ»፣ ማለት የላባ ፍራሽ ተባለ። በዚያው ዓመት በማን ደሴት በተደረገው የ500 ሲሲ ታላቅ ውድድር ጄፍ ዱክ አንደኛ ሲወጣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ስፍራ ኖርተን ጠቅልሎ ወሰደ።

የትራይምፍ ኀይል ደግሞ በሞተሩ ላይ ነበር። ኤድዋርድ ተርነር የነደፈውና በ1937 «ስፒድ ትዊን» በሚል ስም የወጣው 500 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ቀላልና ለጥገና የሚመች ነበር። በ1949 ወደ 650 ሲሲ አደገ፤ በ1959ም ሁለት ካርቡራቶር ያለው «ቦኔቪል» 46 የፈረስ ጉልበት ይዞ ቀረበ። ነገር ግን የዚያ ዘመን የትራይምፍ ሻንሲ በፍጥነትና በኩርባ ላይ የሞተሩን ያህል አይመሰገንም ነበር። እንግዲህ አንዱ ጥሩ አጥንት፣ ሌላው ጥሩ ልብ ነበረው ማለት ነው።

ለውሕደቱ መንገድ ከጠረጉት ሁኔታዎች አንዱ ደግሞ ያልታሰበ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ፎርሙላ 3 በተባለው የ500 ሲሲ አውቶሞቢል ውድድር የኖርተን ማንክስ ሞተር እጅግ ይፈለግ ነበር። ፋብሪካው ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥ የመኪና ተወዳዳሪዎች ሙሉውን ሞተር ብስክሌት እየገዙ ሞተሩን ያወጣሉ፤ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ ይተርፋል። አንዱ የጣለውን ሌላው አነሣው። ከዚህም ሌላ በዚያን ጊዜ የትራይምፍ ሞተርና ካምቢዮ በየራሳቸው ቤት የተሠሩ፣ ተለያይተው የሚወጡ ነበሩ። በ1963 የ650 ሲሲው ሞተርና ካምቢዮው በአንድ ቤት ውስጥ እስኪጠቃለሉ ድረስ፣ የቤት ሠራተኛው የትራይምፍን ሞተር ከኖርተን ካምቢዮ ጋር ለማገናኘት ሰፊ ነፃነት ነበረው። አንድ መሣሪያ በክፍል በክፍል የሚፈታ መሆኑ ለጥገና ብቻ ሳይሆን ለፈጠራም በር እንደሚከፍት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በጓሮ የተሠራው ምሕንድስና

ሥራው ሁለት ክፍሎችን በቡሎንና በዳዶ ማሰር ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ቢኖር ይሳሳታል። ሞተሩ በአዲሱ ሻንሲ ውስጥ የሚቀመጥባቸው ቀዳዳዎች ስለሌሉ መያዣው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ሠሪው መጀመሪያ በካርቶን ቅድ ያወጣል፤ ቀጥሎ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም፣ በመጋዝ ይቈርጣል፤ በሞረድ ያስተካክላል፤ ይበሳል። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው ካቴና ፍጹም ቀጥ ብሎ ካልዋለ ጥርሱን ይበላል፣ ኩሽኔታውን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሞተሩና ካምቢዮው በመስመር መዋላቸው በገበር እየተሞከረ ይስተካከላል። ሞተሩ በተቻለ መጠን ወደ ፊትና ወደ ታች መቀመጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ የፊት ጎማው ክብደት አንሶት በፍጥነት ጊዜ መሪው ይቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው የንዝረት ነገር ነው። በትራይምፍ ሞተር ውስጥ ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ኀይል አያጠፋም፤ ጠቅላላው ንዝረት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል። በክራንክ ሻፍቱ ላይ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ቢጨመር ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ንዝረት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ይጨምራል። ንዝረቱ አቅጣጫውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። የትኛው አቅጣጫ የሚሻል መሆኑን የሚወስነው ሻንሲው ስለሆነ፣ በትራይምፍ ሻንሲ ውስጥ ደኅና የነበረ ሞተር በኖርተን ሻንሲ ውስጥ ቡሎን የሚያላላ፣ የነዳጅ ቋት የሚሰነጥቅ ሊሆን ይችላል። ይህን የተረዳ ሠሪ ክራንክ ሻፍቱን አውጥቶ ሚዛኑን እንደገና ያስተካክል ነበር፤ ያልተረዳው ደግሞ እጁ እየደነዘዘ ተማረው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመቀነስ ሥራ ነው። ከባዱ ፓራፋንጎ ይወጣል፤ ሰፊው ወንበር ለአንድ ሰው በሚበቃ ጠባብ ወንበር ይተካል፤ ከፍ ያለው መሪ ተነሥቶ በፊት ሹካው ቱቦዎች ላይ በቀጥታ የሚታሰሩ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ይገባሉ፤ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ይሄዳል። ነጂው በደረቱ የነዳጁ ቋት ላይ ይተኛል። ይህ ለማማር ብቻ የተደረገ አይደለም። የአየርን ግፊት ብቻ ብንቆጥር፣ ለፍጥነት የሚያስፈልገው ኀይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ስለዚህ ከ90 ማይል ወደ 100 ማይል ለመድረስ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። ነጂው ጐንበስ ብሎ የአየሩን መከላከል በ10 በመቶ ቢቀንሰው ግን፣ ሞተሩ ሳይነካ ከፍተኛው ፍጥነት በ3.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሰዓት 155 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው 160ን ይነካል ማለት ነው። ገንዘብ የሌለው ወጣት በጀርባው መታጠፍ የሚያገኘውን ፍጥነት ባለጠጋው በውድ ዕቃ ይገዛው ነበር።

የፍጥነት ዋጋ

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ታሪኩን ያለ ሐዘን መጻፍ አይቻልም። በሚሮጥ አካል ውስጥ ያለው ጉልበት በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ በ160 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ለማቆም ፍሬኑ በ100 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ሙቀት መሸከም አለበት። የዚያ ዘመን ፍሬን የታምቡር ፍሬን ነበር፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። መንገዱ ጠባብና እርጥብ ነበር፤ ብዙው ነጂ የራስ ቍር አያደርግም። ከሻይ ቤቱ ወጥተው ያልተመለሱ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ካርቡራቶሩን ከፍሬኑ አስቀድሞ የገዛ ሠሪ ስሕተቱን ለሌላ ሰው አላሳለፈም፤ በራሱ ሥጋ ከፈለበት። ማስተዋል የነበራቸው ግን ለውድድር የተሠራውን ሰፊ የፊት ፍሬን ከሁሉ አስቀድመው ይፈልጉ ነበር።

ኅብረተሰቡ የሰጠው መልስ የተለያየ ነበር። በ1964 በባሕር ዳርቻ ከተሞች «ሮከር» በሚባሉት በእነዚህ ወጣቶችና «ሞድ» በሚባሉት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ጋዜጦች ሁሉንም በአንድነት ወንበዴ አድርገው ሣሏቸው። በተቃራኒው ቢል ሸርጎልድ የተባሉት የአንግሊካን ቄስ ራሳቸው በሞተር ብስክሌት ወደ ሻይ ቤቶቹ ሄደው ወጣቶቹን ጋበዙ፤ በ1962ም በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ዊክ በነበረው 59 ክለብ ውስጥ የሞተረኞች ክፍል አቋቋሙ። ሕግ አውጪው ደግሞ በደረጃ ገባ። ከ1961 ጀምሮ ተማሪ ነጂ ከ250 ሲሲ በላይ እንዳይነዳ ተከለከለ፤ በታኅሣሥ 1965 በሰዓት 70 ማይል፣ ማለት 113 ኪሎ ሜትር የሚል ወሰን ወጣ፤ በ1973 የራስ ቍር ግዴታ ሆነ።

ከጓሮ ወደ ፋብሪካ

የጓሮው ሥራ የደረሰበትን ደረጃ በ1965 በባርሴሎና የተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር መሰከረ። ዴቭ ዴገንስና ሬክስ ቡቸር የዴገንስ ድርጅት ድሬስዳ በሠራው ትራይተን አንደኛ ወጡ። ከሁለት ፋብሪካዎች ክፍሎች የተዋሐደ ሞተር ብስክሌት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሮጦ ማሸነፉ፣ ከጓሮ የተነሣው አሠራር ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለጽናትም እንደሚበቃ አሳየ። እንደ ፖል ደንስቶልና እንደ ሪክማን ወንድማማቾች ያሉ ባለሙያዎችም የተዘጋጁ ክፍሎችንና ሻንሲዎችን መሸጥ ጀመሩ። የ250 ሲሲው ገደብ ያስገኘውን ገበያ ያየው ሮያል ኤንፊልድ በ1964 መጨረሻ «ኮንቲኔንታል ጂ ቲ» የተባለውን፣ መልኩ ሁሉ የካፌ ሬሰር የሆነ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ አወጣ።

ዘመኑ ግን ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። ኤስ ካፌ በ1969 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሆንዳ አራት ሲሊንደር፣ የዲስክ ፍሬንና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለው ሲ ቢ 750 የተባለ ሞተር ብስክሌት ይዞ ቀረበ። የለንደኑ ወጣት በስንት ምሽት ድካም የሚፈልገውን ፍጥነት ማንም በቁልፍ አስነሥቶ የሚያገኘው ሆነ። በ1970ዎቹ የብሪታንያ የሞተር ብስክሌት ኢንዱስትሪ ተንኮታኮተ።

ዛሬ ካፌ ሬሰር እንደገና ተወዷል። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1977 የሞከረውን መንገድ ትራይምፍ በ2004 በ«ትረክስተን»፣ መዲናውን ሕንድ ያደረገው ሮያል ኤንፊልድም በ2013 በአዲሱ «ኮንቲኔንታል ጂ ቲ» ተከተሉት። ኤስ ካፌም በ2001 ተመልሶ ተከፈተ። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የቤት ሠሪዎች የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ሆንዳ፣ ያማሃና ቢ ኤም ደብልዩ እየፈቱ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በአንዳንዱ ሥራ መልክ ከምክንያቱ ተለይቶ ይታያል። ወንበሩ እንዲያምር የሻንሲው የኋላ ክፍል ያለ ማጠናከሪያ ይቈረጣል፤ የአየር ማጣሪያው ሣጥን ይወጣና ካርቡራቶሩ ለለውጡ ሳይስተካከል ይቀራል። የጥንቱ ሠሪ ክፍሉን የሚያወጣው ሥራውን ካወቀ በኋላ ነበር፤ አለዚያ መንገዱ ራሱ ይነግረዋል።

ለሙያችን የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናተርፋለን ብለን እናምናለን። አንደኛው፣ ተፈትቶ የሚገጠም፣ በተራ መሣሪያ የሚጠገን ንድፍ ሠራተኛን እንደሚያስተምር ነው። በአገራችን ጋራዦች መለዋወጫ ባልተገኘ ጊዜ የአንዱን መኪና ክፍል ለሌላው አስማምቶ የሚገጥመው ባለሙያ ከትራይተን ሠሪዎች ጋር የሙያ ዝምድና አለው። እውቀቱ በወረቀት ስላልሰፈረ ብቻ ልንንቀው አይገባም፤ ይልቁንም ለምን እንደ ሠራለትና ለምን እንደ ተበላሸበት አብረነው መርምረን ልንጽፈው ይገባል።

ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው። ያ የጓሮ ሠሪ እያንዳንዷን ቡሎን ያጠበቀው በማግሥቱ በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይዋ ላይ የሚተኛው እርሱ ራሱ መሆኑን እያወቀ ነበር። እኛ ግን የምንነድፈውን ድልድይ የሚሻገረው፣ የምናጸድቀውን አውቶቡስ የሚሳፈረው፣ የምንፈትሸውን ቦይለር አጠገብ ቆሞ የሚውለው በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው። የሥራ ክፍፍል የዘመናዊ ኢንዱስትሪ መሠረት ስለሆነ ወደ ጓሮው እንመለስ አይባልም። ነገር ግን ክፍፍሉ አደጋውን ከእኛ አርቆ ለሌላው የሚያሸክም በመሆኑ፣ ሠሪውና ነጂው አንድ ሳሉ ፍርሃት ይጠብቀው የነበረውን ጥንቃቄ አሁን የሚጠብቀው የሙያ ሕሊና ብቻ ነው። ካርቡራቶርና ፍሬን ለግዢ በአንድ በጀት በቀረቡ ጊዜ የትኛው ይቅደም የሚለው ውሳኔ በየመሥሪያ ቤታችን በልዩ ልዩ ስም በየዓመቱ ይቀርብልናል፤ በወረቀቱ ላይ የምንፈርመውም ኮርቻው ላይ የሚቀመጠው ሰው በሌለበት ነው።